ዓለምን ዞረው የሚዘግቡ ጋዜጠኞችንና ተራኪዎችን መደገፍ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጋዜጠኛን መደገፍ ማለት መሸለም ማለት ነው?

መሸለምም ተገቢ ነው፤ ግን ሽልማት የሚደርሰው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ብዙ ጥሩ ዘገባ የሚቀረው ከዚያ በፊት ነው፦ የመኪና ኪራይ ጠፍቶ፣ አስተርጓሚ ሳይገኝ፣ ወይም ሁለተኛው ጉዞ ተሰርዞ። ሁለተኛው ጉዞ የምንለው በመጀመሪያው ቀን የተሰማው ነገር እውነት መሆን አለመሆኑን ለማጣራት የሚደረገውን ነው። በጀት ሲጠብ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚሰረዘው እሱ ነው፤ ዘገባ የሚሳሳተውም እዚያው ላይ ነው። ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰው ለዋንጫ ከሚያዋጣ ለማጣሪያው ጉዞ ቢያዋጣ ሥራውን የበለጠ ያከብረዋል።

«ተራኪ» ስንል ፎቶ አንሺውን፣ የሬዲዮ አዘጋጁን፣ የዘጋቢ ፊልም ሠሪውንና ጸሐፊውን ሁሉ ነው። አስተርጓሚውንና ሾፌሩንም እንጨምራለን፤ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ አለ።

ዓለምን መዞር የሌላ አገር ሰው ሥራ አይደለም እንዴ? ከወሎ ጋር ምን አገናኘው?

በደንብ ይገናኛል። ከዛሬው ደቡብ ወሎ፣ ከመካነ ሥላሴ የወጡት አባ ጎርጎርዮስ ሮም ከገቡ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1652 ጀርመን አገር ጎታ ድረስ ሄደው ለሊቁ ሂዮብ ሉዶልፍ ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ፣ ቋንቋና ልማድ ነገሩት። ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ብዙው የቆመው በእሳቸው ምላሽ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ዓለም ወደ ወሎ መጣ። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የውጭ አገር ወኪል ጋዜጠኞች ከተማው ውስጥ ነበሩ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል መመታቱ በዓለም ጋዜጦች የወጣው ስለነበሩ ነው። በጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ በቴሌቪዥን አሳየ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም የማይክል በርክ ዘገባ በቢቢሲ ተላለፈ፤ ምስሉን ያነሳው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር።

በእነዚህ ዘገባዎች የዋናዎቹ ስም ቀርቷል። መንገድ የመራው፣ ያስተረጎመው፣ መኪና የነዳው የአገር ሰው ግን በአብዛኛው ስሙ አይነሳም። በሌላ መንገድ የሠራም አለ፦ አሜሪካዊው ፖል ሳሎፔክ በጥር 2005 ከአፋር፣ ከሄርቶ ቡሪ ተነስቶ በእግሩ የሰው ልጅን ጥንታዊ ፍልሰት ተከትሎ ዓለምን ሲያቋርጥ በየደረሰበት አገር ከአካባቢው ሰው ጋር ይራመዳል፤ አብሮት የሄደውንም በስም ይጠራል። ከዘጋቢ ጋር ስምምነት ስትጽፉ «የአስተርጓሚውና የሾፌሩ ስም፣ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ ከሥራው ጋር ይወጣል» የምትል አንዲት መስመር አስገቡ። ምንም ወጪ የላትም።

አንድ ዘጋቢ የባቲን ገበያ እንዲሠራ ልንረዳው ብንፈልግ ምን ምን ወጪ እናስብ?

ዋጋው በየወሩ ስለሚለዋወጥ የብሩን መጠን ሳይሆን የወጪውን ዓይነት እንናገራለን።

የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች «ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል» የሚል ብዙ ነው። ይቻላል፤ ግን የሚገኘው ፎቶ ብቻ ነው። ለእውነተኛ ዘገባ እሑድ ከሰዓት ገብቶ እዚያው ማደር፣ ሰኞ ገበያተኛው ሲመጣ ከመንገዱ ዳር መቆም፣ ማክሰኞ ደግሞ ገበያው ከተበተነ በኋላ ሰዎቹን በየቤታቸው ማነጋገር ያስፈልጋል። ሰኞ ዕለት ማንም ግመሉን ትቶ ለግማሽ ሰዓት ቃለ መጠይቅ አይቀመጥም። ስለዚህ ሁለት ሌሊት አልጋ፣ የሦስት ቀን ምግብ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትና የሦስት ቀን አስተርጓሚ ይያዝ።

ከሁሉም የሚበልጠው የአስተርጓሚው ጉዳይ ነው። ባቲ ላይ ኦሮምኛ፣ አፋርኛና አማርኛ ይሰማሉ፤ «አስተርጓሚ አለን» ከማለት በፊት የትኛውን ቋንቋ ለየትኛው የገበያ ክፍል እንደሆነ ይለይ። ደላላን አስተርጓሚ ማድረግ የተለመደ ስህተት ነው። ደላላው ሦስቱንም ቋንቋ አቀላጥፎ ይናገራል፣ ሁሉንም ሰው ያውቃል፣ ወዲያውም ይገኛል፤ ነገር ግን በዋጋው ላይ የራሱ ጥቅም አለበት። ሻጩ «አምና የተሻለ ሸጬ ነበር» ሲል «ገበያው ጥሩ ነው» ብሎ ቢያልፈው ዘጋቢው በምን ያውቃል? ከሌላ ቦታ የመጣ መምህር ወይም የጤና ሠራተኛ ቢቀጠር ይሻላል፤ ክፍያውም በሰዓት ሳይሆን በሙሉ ቀን ይሁን። በሰዓት የሚከፈለው ሰው ንግግሩን ያሳጥራል።

በመጨረሻ ከጠቅላላው 15 በመቶ መጠባበቂያ ይጨመር፤ መንገድ ይዘጋል፣ መኪና ይበላሻል። ደረሰኝ በሌለበት ቦታ ለሚወጣው ብር ቀን፣ የተከፋይ ስም፣ ምክንያት፣ መጠንና ፊርማ ያለበት ቁራጭ ወረቀት ይበቃል። እሱን በዕለቱ ያላስፈረመ ዘጋቢ ደሴ ሲመለስ ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር መጣላቱ አይቀርም።

ገንዘቡን ያወጣነው እኛ ከሆንን ዘገባውን ከመውጣቱ በፊት ማየት አንችልም?

አትችሉም። ይህን መቀበል ከከበዳችሁ ማስታወቂያ ብታሠሩ ይሻላል፤ ማስታወቂያ ነውር የለበትም፣ ነውሩ ማስታወቂያን ዘገባ ማለት ነው።

ማድረግ የምትችሉት ይህን ነው፦ ስለ ራሳችሁ የተጻፈ ቁጥር፣ ስምና ቀን ትክክል መሆኑን ዘጋቢው እንዲያጣራ መጠየቅ፣ ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ሒሳብ መቀበል፣ ሥራው የሚያልቅበትን ጊዜ መወሰን። ሁሉም በአንድ ገጽ ስምምነት ይጻፍ። «ደጋፊው በይዘቱ ላይ ሥልጣን የለውም» እና «የደጋፊው ስም ከዘገባው ጋር ይገለጻል» የሚሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ግን ፈጽሞ አይቅሩ። የመጀመሪያው ዘጋቢውን ይጠብቃል፤ ሁለተኛው አንባቢውን።

ክፍያውን 60 በመቶ ከጉዞው በፊት፣ 40 በመቶ ሥራው ሲያልቅ ማድረግ ጥሩ ነው። «ሲያልቅ» የሚለው «ስንወደው» ማለት እንዳልሆነ እዚያው ወረቀት ላይ ይስፈር።

የውሎ አበል መክፈልስ?

ዘጋቢውን ወደ ራሳችሁ ምረቃ ጠርታችሁ ፖስታ ካስያዛችሁት ዜናውን ገዝታችኋል፤ እሱም ያውቃል፣ አንባቢውም ይጠረጥራል። መርዳት ከፈለጋችሁ ለመጣው ሁሉ እኩል የሆነ ትራንስፖርትና ምሳ አዘጋጁ፤ ከዚያ ያለፈው በመሥሪያ ቤቱ በኩል ይሁን።

ከውጭ ድርጅቶች የጉዞ ዘገባ ድጋፍ ማግኘት ይቻላል?

ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1888 የተቋቋመው ናሽናል ጂኦግራፊክ ሶሳይቲ ለተመራማሪዎችና ለተራኪዎች ድጋፍ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 የተቋቋመው ፑሊትዘር ሴንተር የዘገባ ጉዞ ወጪ ይሸፍናል፤ ከፑሊትዘር ሽልማት ጋር አንድ አይደለም፣ ብዙ ሰው ያምታታዋል። ሮሪ ፔክ ትረስት ደግሞ በግላቸው የሚሠሩ ጋዜጠኞች ችግር ሲደርስባቸው ይረዳል።

ማመልከቻ የሚወድቀው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ድክመት አይደለም፤ ታሪክ ስለሌለው ነው። «ስለ ወሎ ባህል መሥራት እፈልጋለሁ» ርዕስ ነው እንጂ ታሪክ አይደለም። «የሐይቅ ዓሣ አጥማጆች የሐይቁ ጠርዝ ሲሸሽ መረባቸውን የት ይጥላሉ? ማንስ ከማን ይጣላል?» ሲባል ግን ጥያቄ አለው፣ ቦታ አለው፣ ሰው አለው። ከዚያ ገምጋሚው የሚፈልገው ለምን አሁን እንደሆነ፣ ሰዎቹ ለማነጋገር መፍቀዳቸውን፣ አደጋው ምን እንደሆነ፣ ወጪው በዝርዝር፣ እና ሥራውን የሚያወጣ መገናኛ ብዙኃን መኖሩን ነው። የመጨረሻውን የሚያሳይ የኤዲተር ደብዳቤ ከሌለ ማመልከቻው ወደ ኋላ ይቀራል።

እዚህ አካባቢ በተደጋጋሚ የሚያጋጥሙ ሦስት እንቅፋቶች አሉ። አንደኛው የስም አጻጻፍ ነው። በፓስፖርቱ፣ በባንክ ደብተሩና በማመልከቻው ላይ ያለው የላቲን ፊደል በአንድ ሆሄ ከተለያየ ባንኩ ገንዘቡን ሊመልሰው ይችላል። መሐመድ የሚለው ስም ብቻውን በስንት ዓይነት ይጻፋል! ሦስቱንም ከማመልከቻው በፊት አስተያዩ፤ የአያት ስምም አይቅር። ሁለተኛው ሰዓት ነው። የማብቂያው ሰዓት በዋሽንግተን የእኩለ ሌሊት ከሆነ በእኛ አቆጣጠር እንደ ወቅቱ በማግስቱ ጠዋት 1 ወይም 2 ሰዓት ነው። የለንደን እኩለ ሌሊት ከሆነ ደግሞ ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት። መብራትና ኢንተርኔት ባይኖርስ ብሎ ከሁለት ቀን በፊት መላክ ነው የሚያዋጣው። ሦስተኛው ማጭበርበር ነው፤ «ለመመዝገቢያ ይህን ያህል በቴሌብር ላክ» የሚል ካለ ሳትመልሱለት እለፉት።

ምን ዓይነት ፈቃድ ያስፈልጋል?

የውጭ አገር ጋዜጠኛ በቱሪስት ቪዛ አይሠራም፤ ከኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን የሥራ ፈቃድ ይዞ ነው የሚመጣው። ዘርፉ የሚመራበት ሕግ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ነው። የአገር ውስጥ ዘጋቢ የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያና ወደሚሄድበት ወረዳ የተጻፈ ደብዳቤ ይያዝ። ደብዳቤው ላይ ቦታው፣ ቀኑና የተሽከርካሪው ሰሌዳ ቢኖር ኬላ ላይ ብዙ ቃል ይቆጥባል። ከመነሳት በፊት በነበረው ቀን መንገዱ ክፍት መሆኑን እዚያ ላለ ሰው ደውሎ መጠየቅ ደግሞ ከየትኛውም ደብዳቤ ይቀድማል።

ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም በመሆኑ ሴቶች አይገቡም፤ ሴት ዘጋቢ የምትመራው ቡድን ይህን አስቀድሞ ይወቅና ሥራውን በሴቶቹ ገዳምና በሐይቁ ዳር ያቅድ። በአድባራትና በመስጊዶች፣ ለዱዓና ለመንዙማ በሚሰበሰቡበት በሐድራ ቦታም ቢሆን፣ ካሜራ ከቦርሳ የሚወጣው ኃላፊዎቹ ከፈቀዱ በኋላ ነው፤ ምዕመናኑ ፈቀዱ ማለት ቦታው ፈቀደ ማለት አይደለም። ለጊሸን ማርያም ንግሥ መስከረም 21 ለሚሄድ ዘጋቢ ደሴ ላይ አልጋው ቀደም ብሎ ይያዝለት፤ በዚያ ሰሞን ከተማው በተጓዥ ይሞላል።

ድሮን ያለ ፈቃድ ይዞ መምጣት ቦሌ ላይ መወረስ ነው። በአካባቢው ለመጠቀም ቢሞከር ደግሞ ከመወረስም የባሰ ጣጣ አለው።

ካሜራ ብንገዛለትስ?

ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት ማይክ ግዙ። ተመልካች የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ድምፅ ግን ወዲያው ያስመልጠዋል። አሁን እጅ ላይ ያለው ስልክ ለብዙ ሥራ ይበቃል። የጎደለው ከሸሚዝ ላይ የሚሰካ ማይክ ከፀጉራማ የንፋስ መከላከያው ጋር፣ ሁለት ባለ 64 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ፣ ባለ 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ፓወር ባንክና ሁለት ሃርድ ዲስክ ነው። ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብሎ፣ ከነጠላና ከሻሽ ተለይቶ ይሰካ፤ ጨርቅ ሲነካው የሚፈጥረውን ኮሽታ በኋላ ማንም ኤዲተር አያጠፋውም። ከእያንዳንዱ ቃለ መጠይቅ በኋላ ማንም ሳይናገር የቦታውን ድምፅ አንድ ደቂቃ መቅዳት አይዘንጋ፤ ለቅንብር ያ ደቂቃ ወርቅ ነው።

ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሳ ሰው ፓወር ባንኩን በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይክተት። የሚፈቀደው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው፤ ባለ 20,000ው 74 ገደማ ስለሆነ ያልፋል።

የአየሩም ጉዳይ አለ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ደሴ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። ሐረጎን ሲወጡ ጉሙ መንገዱን ይሸፍነዋል። ከቆላ ሙቀት የመጣ ሰው ቅዝቃዜውን ራሱ ይችለዋል፤ መሣሪያውን የሚጎዳው ግን የተገላቢጦሹ ነው። በደሴ ብርድ ያደረ ካሜራ ባቲ ወርዶ ወዲያው ቢከፈት ሌንሱ ላይ ጤዛ ይይዛል፣ ውስጡ ከገባም ይበላሻል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከደሴ ሳይወጡ በፌስታል አጥብቆ ማሰር፣ ሲደርሱም ሳይፈቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ማቆየት። ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቀራል።

ሥራው በዕለቱ ማታ ይገልበጥ። ሦስት ቅጂ ይኑር፦ ሁለቱ በተለያየ ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከዘጋቢው ጋር በማያድር ሰው እጅ። ሁለቱን ሃርድ ዲስክ በአንድ ቦርሳ ይዞ የሚዞር ሰው አንድ ቅጂ ብቻ እንዳለው ይቁጠር፤ ሌባ አይመርጥም።

በጦርነት ወይም በረሃብ የተጎዱ ሰዎችን የሚያነጋግር ዘጋቢን እንዴት እንርዳ?

በመጀመሪያ አታጣድፉት። በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያሳለፉትን ብዙ ሰው ገና በሙሉ አልተናገረውም። በአንድ ከሰዓት አሥር ሰው «ጨርስ» የተባለ ዘጋቢ የሚያመጣው ልቅሶ እንጂ ምስክርነት አይደለም። በቀን ሁለት ሰው ይበቃል።

ፈቃድ አንድ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ሦስት ነው፦ ስምዎ ይውጣ? ፊትዎ ይታይ? ቦታው ይጠቀስ? ለአንዱ እሺ ያለ ሰው ለሌላው እንቢ ሊል ይችላል። ፊት ሸፍኖ ድምፁን እንዳለ መተው፣ ወይም ከኋላ የግቢውን በር ማሳየት ሰውየውን ለጎረቤቱ ሁሉ ያጋልጠዋል። ሕፃን ያለ አሳዳጊ ፈቃድ አይቀረጽም። ለቃል ገንዘብ አይከፈልም፤ ገንዘብ ያለበት ቃል ወደ ገንዘቡ ያዘነብላል። የመጣበትን ትራንስፖርትና የዋለበትን ምሳ መሸፈን ግን ክፍያ አይደለም፤ ሰው አክባሪነት ነው።

ዘጋቢውንም አትርሱት። ከእንዲህ ያለ ጉዞ ሲመለስ ሌላ ሥራ ሳይሰጠው ጥቂት ቀን ይረፍ፤ ይህም በበጀቱ ውስጥ እንደ ሥራ ቀን ይያዝ።

ደሴ ላይ የክብር ዝግጅት ማድረግ ብንፈልግ መቼና እንዴት ይሁን?

ለቀኑ ሚያዝያ 25 ይመቻል፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1993 የዓለም የፕሬስ ነፃነት ቀን ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ በዓል የተከበረው አዲስ አበባ ላይ ነበር። ወይም መጋቢት 11፣ የዓለም የተረት ቀን።

ሰዓቱ ከሰዓት 8 ላይ ቢጀምር ጥሩ ነው። በደሴ ምሽት ብርዱ ታዳሚውን ይበትነዋል፤ ትራንስፖርቱም ይሳሳል። አዳራሹ የ80 ሰው ከሆነ ባለ 3,000 ሉመን ፕሮጀክተርና መጋረጃ ያለው መስኮት ያስፈልጋል፤ መጋረጃ ከሌለ ምስሉ አይታይም። ጀኔሬተር ነዳጁ ተሞልቶ፣ አንድ ጊዜ ተነስቶ ተሞክሮ ይቁም። ፊልሙን ከኢንተርኔት ላይ ሳይሆን ከላፕቶፕ አጫውቱ።

ዝግጅቱን የሚገድለው ግን መብራት አይደለም፤ የመክፈቻ ንግግር ነው። ሦስት የክብር እንግዶች እያንዳንዳቸው «አጭር መልእክት» ካሉ አንድ ሰዓት ያልፋል፤ የተከበረው ዘጋቢ ግን አምስት ደቂቃ ይሰጠዋል። አንድ ንግግር ብቻ ይኑር፣ አምስት ደቂቃ። ዘጋቢው 20 ደቂቃ ያሳይ፤ 40 ደቂቃ ጥያቄ ይሁን። ጋቢ ማልበስ ደስ ይላል፣ ይልበስ፤ አስተርጓሚውም አብሮ ይልበስ። ለተገኘው ሁሉ ሰርተፍኬት ማደል ግን ሰርተፍኬቱን ወረቀት ያደርገዋል።

ፎቶ ከተሰቀለ በ30 በ45 ሴንቲ ሜትር ይታተም፤ ከዚያ ካነሰ ቆሞ የሚያይ ሰው ፊት አይለይም። ከሥሩ ማን፣ የት፣ መቼ ይጻፍ። ደሴ ላይ ከመታየቱ በፊት ደግሞ አንድ አንድ ቅጂ በፎቶው ላሉት ሰዎች ይድረስ።

ፎቶዎቹና ቅጂዎቹ የማን ንብረት ናቸው?

ሌላ ስምምነት ከሌለ የሠሪው፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት። ተቀጥሮ ለመሥሪያ ቤቱ የሠራው ከሆነ ጉዳዩ ይለያል። ደጋፊው በራሱ ገጽ ላይ መጠቀም ከፈለገ ለምን ያህል ጊዜና የት እንደሆነ በስምምነቱ ይጻፍ።

ገንዘብ የለንም። ሌላ ምን ማድረግ እንችላለን?

ብዙ። አንድ ትርፍ ክፍል ያለው ሰው ለሁለት ሌሊት ቢያስተኛ ከበጀቱ ትልቁ ነገር ይቀንሳል። በኩታበር፣ በአምባሰል ወይም በቃሉ ዘመድ ያለው ሰው ስልክ ደውሎ «ይህ ሰው ይመጣል፣ እመኑት» ቢል ዘጋቢ በሳምንት የማያገኘውን በር ይከፍታል። የድሮ ፎቶ ቤት ያላችሁ ደግሞ ኔጋቲቮቹን አትጣሉ፤ ከእርጥበት አርቁና በተነሱበት ዓመት እየለያችሁ በካርቶን አስቀምጧቸው።

በኮምቦልቻና በደሴ ግቢዎች ለሚማሩ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ የተቀዳ ድምፅን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ጥሩ መነሻ ነው። የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይወስዳል፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ የሚናገርበት ከሆነ ከዚያም በላይ። ክፍያ ካለ በሰዓት ሳይሆን በተቀዳው ደቂቃ ይሁን። ያልተሰማው ቃል በግምት አይሞላ፤ ደቂቃውና ሰከንዱ ተጽፎ ክፍት ይተው፣ ዘጋቢው ራሱ ተመልሶ ያዳምጠዋል።